ዶሮ የታቀፈችበት የፊልትሮ ሳጥን

ይህን ነገር ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለወንድሜም አልነገርኩም። ባለፈው ሐሙስ ለአንድ ሰው ነገርኩት፤ ለማን እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቃላችሁ። ከሐሙስ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ትናንት ጎረቤት እሳት ልትጭር መጥታ አንኳኳች፣ እኔ ግን የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ።

የነፍስ አባት የለኝም። እኛ ወንጌላውያን ኃጢአታችንን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው የምንናገረው። እኔም ተናግሬያለሁ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ግን ለእግዚአብሔር መናገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? እሱ አስቀድሞ ያውቀዋል። አይደነግጥም፣ በማግስቱም ገበያ ላይ አያገኛችሁም። እኔ የፈራሁት ሰው ነበር። ስለዚህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ። ምክንያት መደርደር ከጀመርኩ አትቀበሉኝ፣ ምክንያት መደርደር እችልበታለሁና።

ስሜ ዳዊት ነው። ነገሌ ቦረና ውስጥ መካኒክ ነኝ። ያን ጊዜ የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ የግራር ጥላ፣ አንድ ደግሞ ከመኪና ሥር የሚያስገባ ጉድጓድ ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርቼ ስለተመለስኩ ልቤ አብጦ ነበር። እዚያ በአሮጌ ቱርቦ መኪና ላይ የሚሠሩትን አይቻለሁ። ፋብሪካው የገጠመውን፣ ሞተሩ የሚስበውን አየር ከአቧራ የሚያጣራ የፊልትሮ ሳጥን ያወጡና በምትኩ ሰፊ ቱቦና ክብ ክፍት ፊልትሮ ይገጥማሉ። ቱርቦ ማለት ሞተሩን አየር የሚግተው ነገር ነው፤ አፉ ሲሰፋለት ብዙ ይስባል፣ ብዙ ሲስብ ሞተሩ ይበረታል፣ ሲነዱትም ያፏጫል። እኔን የማረከኝ ያ ፉጨት ነበር። አዲስ አበባ ግን መንገዱ አስፋልት ነው። የእኛ መንገድ ቀይ አፈር መሆኑን ለማወቅ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም ነበር። እዚሁ ተወልጄ ያደግኩበት አፈር ነው።

ሐጂ አደን ስኳር፣ ጨርቅና በቆሎ የሚነግዱ የከተማችን ሰው ነበሩ። አንድ ያረጀ ቱርቦ ፒካፕ ነበራቸው። የሚነዳው ሃላኬ ነበር። ሃላኬ የሊበን ሰው ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። እኩዮች ነን። ያኔ ወዳጄ ነበር፤ ዛሬ ወዳጄ ነው ለማለት አፌን ይይዘኛል። ፒካፑ ጭነት ይዞ የወደራን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሃላኬ እየሳቀ፣ ሽማግሌ አዝዬ ነው የምወጣው ይለኝ ነበር።

አፉን እናስፋለት ያልኩት እኔ ነኝ። ሃላኬ አልጠየቀኝም። ሐጂም አልጠየቁኝም፤ እንዲያውም አልፈለጉም። «ልጄ፣ የሠሩት ሰዎች አንድ ነገር አይተው ነው እንዲህ ያደረጉት፤ ተወው» አሉኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። ሱቃቸው ድረስ እየሄድኩ ነዘነዝኳቸው። በመጨረሻ ዛሬ ሳስበው ፊቴን የሚያቃጥለኝን ቃል ተናገርኩ። «ሐጂ፣ አንቱ ነጋዴ ነዎት፤ ሞተር የእኔ ሥራ ነው» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ሥራህ ከሆነማ እሺ አሉኝ።

ሠራሁት። ክቡን ፊልትሮ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ቱቦውን ከላሜራ ጠቅልዬ በየድኩት። ስገጥመው የፊልትሮው አንገት ከቱቦው በአንድ ጣት ያህል ሰፋ። ትክክለኛው ሥራ ቱቦውን ፈትቶ እንደገና በልኩ መሥራት ነበር። እኔ ግን ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ላይ ቁራጭ ቆርጬ ክፍተቱ ላይ ጠቀለልኩና በፋሼታ፣ በብረት ቀለበት ማሰሪያ፣ አጠበቅሁት። በቱርቦው በኩል ያለውንም እንዲሁ አደረግሁ። እኛ አገር በውስጥ ጎማ የማይታሰር ነገር የለም፤ ኮርቻ ይታሰርበታል፣ የተሰበረ አልጋ ይታሰርበታል። ሙቀት ያየ ጎማ እንደሚደርቅና እንደሚላላ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ለጊዜው ይይዛል አልኩ። መኪናው ግን የሚሄደው ለጊዜው አልነበረም።

የወጣውን የፊልትሮ ሳጥን ቤቴ ወሰድኩት። ደህና ሳጥን ነበር፣ ስንጥቅ እንኳ የለበትም። ሚስቴ አልማዝ አየችውና ወደደችው። ጥልቅ ነው፣ ነፋስ አያስገባም። ውሎ አድሮ ገለባ ጎዝጉዛ ቀይ ዶሮዋን አስታቀፈችበት። ይህችን ዶሮ አስታውሱልኝ።

መኪናው በረረ። ወደራ ዳገት ላይ ሦስተኛ ማርሽ ያዘ ብሎ ሃላኬ ሊያቅፈኝ ደረሰ። ከገበያው ጫፍ ፉጨቱ ሲሰማ ሰው ሁሉ የሐጂ መኪና መጣች ይል ነበር። ሃላኬ ዶክተር ብሎ ይጠራኝ ጀመር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ፤ ፉጨቱን በሰማሁ ቁጥር የእኔ ነው እል ነበር። የእኔ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሃላኬ ዘይት ሊያስቀይር መጣ። ኮፈኑን ከፍቼ ፊልትሮውን ፈታሁና ጣቴን ወደ ቱቦው ሰድጄ የውስጡን ግድግዳ ጠረግ አደረግሁት። ጣቴ ቀይ ሆኖ ወጣ። አፈር ነበር፣ እንደ በርበሬ የደቀቀ። በቱቦው ውስጥ፣ ከፊልትሮው ወዲያ፣ አንድም ብናኝ መኖር አልነበረበትም። የጠቀለልኩት ጎማ ላልቶ፣ በዚያ በኩል አፈር ሲገባ ከርሟል። ቱቦውን ነቅዬ እየተሽከረከሩ አየር የሚስቡትን የቱርቦውን ምላጮች አየሁ። ጫፋቸው ተበልቷል። በጣቴ ስነካቸው ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከሥር ዘይት ማርጠብ ጀምሯል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። የናፍታ ሞተር ቱርቦው ከተበላ የራሱን ዘይት በአየር መንገዱ በኩል መጠጣት ይጀምራል። ዘይቱን እንደ ናፍታ ያነደዋል። ያኔ ቁልፍ ቢያጠፉትም አይጠፋም፤ ዘይቱ እስኪያልቅ ወይም እስኪፈነዳ ድረስ እየጮኸ ይሄዳል። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጋራዡ ውስጥ የነበርን ሰዎች ሁላችንም ሸሽተን ነው የወጣነው። ይህን ያየሁ ሰው ነኝ እንግዲህ ጣቴን ሱሪዬ ላይ የጠረግኩት።

ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ። ስለ ኃጢአቴ አንድ ነገር ብቻ ንገረን ብትሉኝ ይህን እነግራችኋለሁ።

ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። መኪናውን አቁሙ፣ ቱርቦ ይቀየር፣ ሳጥኑ ይመለስ ማለት ነበረብኝ። ሳጥኑ ቤቴ ነው ያለው፣ ሙሉ ነው፣ የሚያስፈልገው አንዲት ዶሮ ማስነሳት ብቻ ነበር። ዶሮ ማስነሳት ያቃተው ወንድ አይታችኋል? እኔ አቃተኝ። ዶሮዋን ባስነሳ አልማዝ ለምን ትላለች፣ ሐጂ ለምን ይላሉ፣ ከተማው ለምን ይላል። ሐጂ ነግረውት ነበር እኮ ይባላል። ገና ዓመት ያልሞላው ጋራዥ ይዘጋል። ፈራሁ። ፍርሃቴ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር፣ ስም ብቻ።

ምላጮቹን በናፍታ በራሰ ጨርቅ አበስኩ። ፋሼታውን አጠበቅሁ። ዘይት ቀየርኩ። ኮፈኑን ከደንኩና ለሃላኬ ደህና ነው አልኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ግን ሆዴ እሺ አላለኝም። ሃላኬ ሞተር አስነስቶ ሊወጣ ሲል በመስኮቱ በኩል ጠጋ አልኩና፣ ድንገት ሞተሩ አልጠፋም ቢልህ አፉን ዝጋው አልኩት።

«የምኑን አፍ?» አለኝ እየሳቀ።

«ፊልትሮውን ነቅለህ አየር የሚስብበትን አፍ ዝጋው። አየር ሲያጣ ይሞታል።»

«በምን ልዝጋው?»

«ባገኘኸው» አልኩት።

ባገኘኸው። ለወዳጄ የሰጠሁት ማስጠንቀቂያ ይህ ነው። እውነቱን ላለመናገር የእውነትን ጭራ ቆርጬ ሰጠሁት። ያኔ እንዲያውም ቀለል አለኝ፤ ነግሬዋለሁ እኮ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ አደን መንገድ ላይ አገኙኝ። እዚህ ላይ ስለ ሰላምታችን ልንገራችሁ። በቦረና ወግ ሰላምታ ሁለት ግማሽ አለው። መጀመሪያ አካም? ናጋ? ይባላል፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነህ ማለት ነው። ልጆች ናጋ? ከብቱ ናጋ? ዝናቡ ናጋ? ለሁሉም መልሱ ናጋ ነው፣ ሰላም። ቤትህ ተቃጥሎ ቢሆንም፣ እናትህ ሞታ ቢሆንም መጀመሪያ ናጋ ትላለህ። ይህ ውሸት አይደለም፤ ሰውን በመንገድ ላይ በመርዶ አለመምታት ነው። ከዚያ እጅ ለእጅ እንደተያያዛችሁ ኦዱ? ይባላል፣ ወሬስ ማለት ነው። እውነቱ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። የአስተማሪ ልጅ ነኝ፣ ቤታችን አማርኛ ነው የሚነገረው፤ ይህን ወግ ግን ከጸሎት ቀድሜ ነው ያወቅሁት።

ሐጂ እጄን ያዙ። «አካም፣ ዳዊት? አልማዝ ናጋ? እናትህ ናጋ?» ናጋ፣ ናጋ አልኩ። «መኪናችንስ ናጋ?» አሉኝ። ናጋ አልኩ። እጄን አለቀቁም። «ኦዱ?» አሉና ጠበቁኝ። የሚጠብቁበት ፊት አሁንም ይታየኛል፤ አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው፣ እንደሚሰማ ሰው። እጄን ከእጃቸው መዘዝኩ። ሥራ አለብኝ ሐጂ ብዬ ሄድኩ። ለዓመታት ራሴን ሳጽናና፣ ናጋ ያልኩት እንደ ወጉ ነው፣ አልዋሸሁም እል ነበር። እውነት ነው፣ ናጋው ውሸት አልነበረም። ከሁለተኛው ግማሽ ነው የሸሸሁት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን አምስት ቀናት እንዴት እንደዋልኩ ታሪክ የለውም። ፉጨቱን ስሰማ እፈራለሁ፣ ሳልሰማው ስቀር የባሰ እፈራለሁ። መኪናው ወጥቶ ሲመለስ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፣ ነገ እነግራለሁ እላለሁ። አምስት ጊዜ ነገ አልኩ።

በስድስተኛው ቀን የወደራ ገበያ ነበር። ሃላኬ ከኋላ በቆሎና ሰው ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ በራሱ ጊዜ መጮህ ጀመረ። እግሩን ከነዳጁ አነሳ፣ ጩኸቱ ጨመረ። ፍሬን ይዞ ቆመ፣ ቁልፉን አጠፋ፣ ሞተሩ አልጠፋም። ነጭ ጭስ መንገዱን ሞላው። ሰው ሰይጣን ነው እያለ ከላይ መዝለል ጀመረ። ከኋላ ገደል ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ደግሞ እንደማይይዝ ሃላኬ ያውቃል። ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባ። መሸሽ ይችል ነበር። ግን አንዲት አሮጊት እግራቸው ከበቆሎ ጆንያ ሥር ተይዞ ላይ ቀርተዋል፤ ሰው ሁሉ ይፈነዳል ብሎ ስለሸሸ የሚያወርዳቸው አልነበረም። ሃላኬ ያልኩት ትዝ አለው። ኮፈኑን ከፈተ። ፊልትሮውን ሲስበው ያ የጠቀለልኩት ጎማ ሁለቱንም ጫፍ ለቀቀና ቱቦው አብሮ ወጣ። የቱርቦው አፍ ባዶውን ቀረ። ሃላኬ ያገኘው ነገር ሸሚዙን ነበር። አውልቆ እጁ ላይ ጠቀለለና አፉን ዘጋው።

ሞተሩ ሞተ። ሸሚዙን ግን ወደ ምላጮቹ ስቦት ነበር፣ እጁንም አብሮ። ከቀኝ እጁ አውራ ጣቱ ብቻ ነው የተረፈው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የጣልኩት ግን የራሴን አልነበረም።

ወሬውን ሰምቼ በከባድ መኪና ስደርስ ሃላኬን ወደ ሐኪም ወስደውታል። ሰዎች ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ሰይጣን የገባበት ነው ብለው የሚቀርብ የለም። ለእኔ ተመቸኝ። ያልኩት ይገባችኋል? የወዳጄ ደም ኮፈኑ ላይ ሳይደርቅ ተመቸኝ አልኩ። ቱቦዬን ከነፊልትሮው ከመንገዱ ዳር አነሳሁ፣ ከነቀይ አፈሩ፣ ከነጎማው፣ ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። ማታውኑ የጉድጓድ መጸዳጃችን ውስጥ ጣልኩት። መኪናው ተጎትቶ ጋራዤ ገባ። ሐጂ ከሻሸመኔ አንድ ትልቅ መካኒክ አስመጥቼ አሳያለሁ ማለታቸውን ሰማሁ። አፉ መስፋቱን ሐጂ ያውቃሉ፤ ክፍቱን አፍ ያየ መካኒክ ግን ቱቦው የታለ፣ በምን ታስሮ ነበር ብሎ ይጠይቃል።

ዶሮዋን ያስነሳሁት ያን ጊዜ ነው።

ጓሮ ሄድኩና ቀይዋን ዶሮ በክንፏ ይዤ አነሳኋት። ነከሰችኝ። እንቁላሎቹ ሞቃት ነበሩ፣ ሊፈለፈሉ የቀራቸው ጥቂት ቀን ነው። መሬት ላይ አፈሰስኳቸው፣ ገለባውን አራገፍኩ፣ ሳጥኑን አጥቤ መኪናው ላይ እንደ ጥንቱ ገጠምኩት። አልማዝ ምነው ስትለኝ ለሥራ ፈለግሁት አልኳት። ወዳጄን ለማዳን ዶሮ ማስነሳት ያቃተኝ ሰው፣ ራሴን ለማዳን አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቱርቦው ራሱ ተሰባብሮ ስለነበር ምስክርነት የሚሰጥ ነገር አልቀረም። የሻሸመኔው ሰውም ሳይመጣ ቀረ። ሐጂ አንተ ካለህ ይበቃናል ብለው ተዉት።

ሃላኬ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀምጠው ምን እንደሆነ እንወቅ አሉ። ለመክሰስ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሃላኬም በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። እንደሚያምነኝ አየሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ዘይት ጨምረህ ነበር? አልኩት። አዎ፣ ጎድሎ አገኘሁትና ጨመርኩ አለ። ስንት? አልኩት። ሊትር ተኩል አለ። በዝቷል አልኩ። ዘይት ሲበዛ ሞተር ይጠጣዋል አልኩ።

ዘይቱ ለምን ጎደለ? እኔ ያበላሸሁት ቱርቦ ሲጠጣው ስለከረመ ነው። ሃላኬ ጎበዝ ሹፌር ስለሆነ አየው፣ ጎበዝ ሹፌር ስለሆነ ጨመረ። በገዛ ጉብዝናው ፈረድኩበት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተነሥቶ ሐጂ ፊት ቆመና መኪናዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አለ። እኔ ተቀምጬ ነበር። ይቅርታውን ሰምቼ ተቀምጬ ነበር። ሐጂ አቀፉት፣ አለቀሱም። እኔንም ሳጥኑን እንደ ተሠራበት ስለመለስኩ አመሰገኑኝ።

ሃላኬ ከዚያ ወዲህ መሪ ይዞ አያውቅም። ሐጂ መጋዘናቸው በር ላይ ጠባቂ አደረጉት፤ እሳቸው ሲሞቱ መናኸሪያ ተራ ማስከበር ጀመረ። በየቀኑ አገኘው ነበር። ግራ እጁን ለሰላምታ መስጠት ነውር ስለሆነ የቀኝ እጁን አንጓ ይዘረጋልኛል፤ እኔ አንጓውን እይዛለሁ። አካም? ናጋ። ልጆች ናጋ? ናጋ። ሁለተኛው ግማሽ ሳይመጣ እኔ እሄዳለሁ። ሰውዬው ሁልጊዜ ሥራ ይበዛበታል ብሎ ይስቅብኝ ነበር። የሚስቅበት ድምፅ አልተለወጠም። እሱ ሲስቅ እኔ እፈራለሁ፤ አንድ ቀን ሳቁ መሃል ላይ ይቆምና ያውቅብኛል እላለሁ።

ግን ከሁሉ የከፋው ምስጋናው ነው። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ለሰው ሁሉ ጮክ ብሎ፣ «አፉን ዝጋው ብሎ ያስተማረኝ ዳዊት ነው፤ እሱ ባይነግረኝ እኒያ አሮጊት ይቃጠሉ ነበር» አለ። ሰው አጨበጨበልኝ። ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ አስታወክኩ። ተመልሼ ግን ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ በላሁም። ይህንንም ቁጠሩብኝ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሃላኬ ጋራዤ መጣ። ከኋላው አንድ አሮጌ ቱርቦ ፒካፕ እየተነዳ ገባ፤ የሚነዳው ልጁ ቦሩ ነው፣ ሙሉ ሰው ሆኗል፣ ባለ ትዳር ነው። ቤተሰብ ተባብረው ገዝተውታል፣ ሜጋ ከተማ ድረስ ሊሠራበት ነው። ልጁ ቁልፉን ሰጥቶኝ ወደ ገበያ ሄደ። ሃላኬ ኮፈኑን በግራ እጁ መታ መታ አደረገና፣ «እንደ ያኔው አፏን አስፋልኝ፤ ያ ፉጨት ናፍቆኛል» አለኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። የልጁን መኪና ለእኔ ሰጠኝ። ለእኔ። እምቢ ልል እችል ነበር፣ ለዚህ መንገድ አይሆንም ማለት እችል ነበር፣ ይህም እውነት ነው። ሌላ የእውነት ጭራ። አንጓውን ዘረጋልኝ። ያዝኩት።

«አካም፣ ዳዊት? ናጋ?»

«ናጋ» አልኩ። አልለቀቅሁትም። እሱም ገረመው መሰለኝ አንጓውን ተመለከተ። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ «ኦዱ?» አለኝ።

ነገርኩት። አንጓውን እንደያዝኩ ነገርኩት። ስለ ጎማው፣ ስለ ጣቴ፣ ስለ ሱሪዬ፣ ስለ አምስቱ ነገ፣ ስለ ሊትር ተኩሉ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ስለ ዶሮዋም ነገርኩት። ዶሮዋ ላይ ስደርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ሳጥኑ ቤትህ ነበር?»

«ቤቴ ነበር» አልኩት።

አንጓውን ቀስ ብሎ ከእጄ አወጣው። የተረፈችውን አውራ ጣቱን በግራ እጁ ያዛት። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። ቀና ብሎ አየኝና አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«ናጋ» አለ። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። መኪናው ግራሩ ሥር ቆሟል፣ ቁልፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ቦሩ አልመጣም። ሃላኬም መናኸሪያ አልታየም ይላሉ። ለአልማዝ እስካሁን አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፣ ነገ ማለቴን ስሰማም ራሴን እፈራዋለሁ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን እሷ እጅ ላይ አስቀምጣለሁ።

ይቅርታ አልለምንም። ሃላኬ አንድ ጊዜ ባላጠፋው ጥፋት ሰው ፊት ቆሞ ይቅርታ ለምኗል፣ እኔ ተቀምጬ እየሰማሁ። የእኔን ይቅርታ ያኔ ተጠቅሜበታለሁ። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ አላወቅሁም አልልም፣ ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። አውቄ ነው። ጣቴን አይቼ ነው።

አንዳንዶቻችሁ፣ ናጋ ካለህ ይቅር ብሎሃል ትሉኝ ይሆናል። የዚህ አገር ሰው አይደላችሁም ማለት ነው። ናጋ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ገና አልመጣም፣ እኔም ከዚህ አልነቃነቅም፤ በሩን ከፍቼ ተቀምጫለሁ።